የከብት ሐኪሙ ጋሼ ዶክተር

የገበሬ ሀብቱ ምንድን ነው ቢባል መልሱ አጭር ነው። መሬቱ፣ ጉልበቱና በሬው ነው። መሬት ያለ በሬ ጦም ያድራል። ጉልበትም ያለ በሬ ሩቅ አያደርስም። ስለዚህ በሬ ሲታመም የሚታመመው በሬው ብቻ አይደለም። ጎተራውም ይታመማል፤ ቤተሰቡም ይታመማል።

ዛሬ የምናነበው ከብት ሲያክሙ ስለኖሩ አንድ ሰው ነው። ሰውየው አጥባቂ ክርስቲያን ነበሩ። የአራት ልጆች አባት ነበሩ። የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። የኖሩትም ያረፉትም እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ ነው። ቤተሰባቸው ዝና የሚወድ ስላልሆነ ስማቸውን አልጽፍም። የአካባቢው ሰው ሁሉ «ጋሼ ዶክተር» ይላቸው ነበር። እኛም እንደዚያው እንበላቸው።

፩. የቅዳሜ ሹር በሬ

ጊዜው የ2003 ዓ.ም. ፋሲካ ዋዜማ ነበር። እኔ ገና ልጅ ነኝ። አጎቴ ከአቃቂ ወንዝ ማዶ ያርስ ነበር። ሁለት በሬዎች ነበሩት፤ ቀዩና ዳለቻው። ዓርብ ማታ ሁለቱም ደህና ሆነው ገቡ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ቀዩ በሬ እየተንቀጠቀጠ ተገኘ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ጥቂት ቆይቶ ወደቀ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። «ነፍሱ ሳትወጣ ቶሎ እረደው» አሉት። አጎቴ ቢላዋ ሊያመጣ ገባ። ሲመለስ በሬው ሞቶ ነበር። ቢሆንም ሰው ተስፋ አልቆረጠም። ሃምሳ አምስት ቀን ተጹሞ ነገ ፋሲካ ነው። ሥጋ ውድ ነው። ከመካከላቸው አንዱ «አሁኑኑ እንባርከው፣ ቅርጫ እናድርገው፣ አንተም ግማሽ ዋጋህን ታገኛለህ» አለው። አጎቴም ተስማማ። ድሃ ነው፤ ምን ያድርግ?

በዚህ መካከል ጋሼ ዶክተር ደረሱ። የጠራቸው የአጎቴ ልጅ ነበር። አክፍሎት ላይ ናቸው፤ ከዓርብ ጀምሮ እህልም ውኃም አልቀመሱም። በሬውን ዞረው አዩት። ሆዱ በቶሎ ተነፍቷል። ከአፍንጫውና ከኋላው ጥቁር ደም ይወርዳል። ደሙ አልረጋም። በእጃቸው አልነኩትም።

«ቢላዋውን መልስ» አሉት አጎቴን። «ይህ አባ ሰንጋ ነው። ሆዱን ከከፈታችሁት በሽታው ከበሬው ወጥቶ ወደ እናንተ ይመጣል።»

ጭቅጭቅ ተነሣ። አንዱ «አባቶቻችን ሲበሉት ኖረዋል» አለ። ሌላው «በደንብ ከተቀቀለ ምን ያደርጋል?» አለ። አጎቴ ደግሞ «ጋሼ፣ በሬዬ ሞተ። ሥጋውንም ከለከሉኝ። ታዲያ ልጆቼ ምን ይብሉ?» ብሎ አለቀሰ።

ጋሼ ዶክተር አልተቆጡም። «ልጆችህ ነገ ዶሮ ይበላሉ፤ እኔ አመጣለሁ። በሬ ያጣ ሰው ሌላ በሬ ያገኛል። ልጅ ያጣ ሰው ግን ያንን ልጅ አያገኘውም» አሉት። ከዚያ አካፋ ጠየቁ። ጦማቸውን እንደያዙ ከትልቁ ልጃቸው ጋር ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ። መጀመሪያ ሰው ቆሞ አያቸው። በኋላ አንድ ሽማግሌ አፈረና አካፋ አነሣ። ከዚያ ሁሉም ተከተለ። ጉድጓዱ ከሰው ቁመት በላይ ጠለቀ። በሬው ከነቆዳው ገባ። ኖራ ተነሰነሰበት። አፈር ተመለሰበት። ዙሪያውን በእሾህ አጠሩት።

ቃላቸውን አከበሩ። ለፋሲካ ሁለት ዶሮ አመጡ። በሳምንቱም የመንደሩን ከብት ሁሉ ከተቡ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥጃ ብቻ ሞተ። በሽታው እዚያው ቆመ።

ግን አጎቴ አንድ በሬ ቀርቶታል። ክረምት እየመጣ ነው። ጋሼ ዶክተር ይህንንም አልረሱትም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሌላ ጎረቤት ነበር። ሁለቱ ሰዎች በድንበር ተጣልተው ለዓመታት አይነጋገሩም። ጋሼ ዶክተር ሁለቱንም ቤታቸው ጠሩ፤ ቡና ተፈላ። «በሬዎቻችሁ ተጣልተዋል ወይ?» ብለው ጠየቁ። ሰዎቹ ሳቁ። መቀናጆ ተስማሙ። ዳለቻው ከጎረቤት በሬ ጋር ተጠመደ። የሁለቱም ማሳ በጊዜው ታረሰ።

፪. አባ ሰንጋ ምን ዓይነት በሽታ ነው?

አባ ሰንጋ በዓይን በማይታይ ረቂቅ ተሕዋስ ይመጣል። በሽተኛው ከብት ሲከፈት ወይም ደሙ መሬት ላይ ሲፈስ ተሕዋሱ ጠንካራ ሽፋን ያበጃል። በዚህ ሽፋን ውስጥ ሆኖ አፈር ውስጥ ብዙ አሥር ዓመታት ይቆያል። ፀሐይ አይገድለውም፤ ድርቅም አይገድለውም። ከብት በዚያ ቦታ ሲግጥ በሽታው እንደገና ይነሣል። ጋሼ ዶክተር ሆዱ አይከፈት ያሉት ለዚህ ነው። ሥጋውን መቀቀልም ዋስትና አይሆንም። ሥጋው ምጣድ ላይ ከመድረሱ በፊት የሚያርደው፣ የሚገፈውና የሚከትፈው ሰው በሽታውን በእጁ ይነካዋል።

በሽታው ወደ ሰውም ይተላለፋል። የነካው ሰው ቆዳው ላይ መሐሉ ጥቁር የሆነ ቁስል ይወጣበታል። ሥጋውን የበላ ደግሞ አንጀቱ ይመታና ሊሞት ይችላል። በጊዜው ጤና ጣቢያ የደረሰ ሰው መድኃኒት አለው። ለከብቱም በየዓመቱ የሚሰጥ ክትባት አለ። አባ ሰንጋ የሚያሸንፈን የተዘናጋን ጊዜ ነው።

፫. የጋሼ ዶክተር ኑሮ

ጋሼ ዶክተር የእንስሳት ሕክምና የተማሩት ደብረ ዘይት፣ ዛሬ ቢሾፍቱ በምንላት ከተማ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ እዚያ የተከፈተው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነበር። ከዚያ በፊት ሐኪም ለመሆን የፈለገ ሰው ባሕር ተሻግሮ መማር ነበረበት።

ጠዋት ጠዋት በነጠላ ኪዳን ያደርሳሉ። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ነጠላውን አጥፈው ጋዋን ይለብሳሉ። እሑድ ቀን ላም ምጥ ይዟታል ተብለው ቢጠሩ ቅዳሴ አስቀድሰው ወዲያው ይሄዳሉ። አንድ ሰው «በሰንበት ሥራ?» ቢላቸው፣ በሰንበት በሬ ጉድጓድ ቢገባ ማን ዝም ይላል ብሎ ጌታ መጠየቁን ያስታውሱታል።

ጠበልና መርፌም በእርሳቸው ዘንድ አይጣሉም ነበር። ገበሬው ለላሙ ጠበል ሲያስረጭ ቢያገኙ አይከለክሉም። «ጠበሉን እርጭ፣ መርፌውንም አትተው፤ ዕውቀትን የሰጠውም እርሱ ነው» ይላሉ። የማይታገሡት ጠንቋይን ነበር። «ጠንቋይ ዶሮህን ይበላል፤ በሬህ ግን አይድንም» ይሉ ነበር።

ባለቤታቸውም የሥራ ጓደኛቸው ነበሩ። ክትባት ብርድ ይፈልጋል። ከቢሮ የመጣ ክትባት የሚያድርበት ሲጠፋ ቤታቸው ባለችው ፍሪጅ ይቀመጥ ነበር። ባለቤታቸው ወተቱን አውጥተው ለክትባቱ ቦታ ይለቃሉ። ልጆቹ ፍሪጁን እንዳይከፋፍቱ ይጠብቃሉ። መብራት ሲጠፋ ከጎረቤት በረዶ ይለምናሉ። እናንተም የተከተበ ከብት ስታዩ መርፌ የያዘውን ብቻ አታስቡ፤ ክትባቱን ቀዝቃዛ አድርጎ ያቆየውንም አስቡ።

እርሳቸውም እንደ ማንኛውም ሰው ይሳሳቱ ነበር። አንድ ጊዜ የአንዲት ባል የሞተባቸው እናት ላም ታመመች። ጋሼ ዶክተር አይተው «ቀላል ነው» ብለው ሄዱ። ላሟ በማግሥቱ ሞተች። ሌላ ሰው ቢሆን «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብሎ ያልፈው ነበር። እርሳቸው ግን ሴትየዋ ቤት ሄደው «እማማ፣ በደንብ ሳላያት ነው የሄድኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። ከደመወዛቸው ቆጥበው በዓመቱ ጊደር ገዙላቸው። ልጆቻቸው በዚያ ዓመት አዲስ ልብስ አልለበሱም። ለምን እንደሆነ ግን ያውቁ ነበር፤ አባታቸው ነግረዋቸዋል። ጥፋትን በሃይማኖት ስም መሸፈን ለእርሳቸው ከጥፋቱ የባሰ ኃጢአት ነበር።

፬. ክፉ ቀንና የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች

ማታ ማታ ልጆች ሲከቧቸው ጋሼ ዶክተር የድሮ ታሪክ ይነግሩን ነበር። አንደኛው የክፉ ቀን ታሪክ ነው።

በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣልያኖች ምፅዋ ላይ ሰፍረው ነበር። ለሠራዊታቸው ቀለብ ከውጭ አገር ከብት አስገቡ። ከከብቱ ጋር አንድ በሽታ ገባ። ሕዝባችን «ደስታ» ይለዋል። ስሙ ደስታ ነው፤ ሥራው ግን ኀዘን ነው። ከብቱን ያተኩሰዋል፤ ዓይኑንና አፍንጫውን ያስለቅሰዋል፤ አፉን ያቆስለዋል፤ በተቅማጥ ያደርቀዋል። በሽታው ከትግሬ እስከ ሸዋ፣ ከሸዋ እስከ ደቡብ ተዛመተ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ይባላል። በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አቃተው። ድርቅና አንበጣም ተጨመሩ። ረኀቡ እስከ 1885 ዓ.ም. ድረስ ሕዝቡን ፈጀ። ያን ጊዜ አፄ ምኒልክ ሕዝቡ በእጁ ቆፍሮ እንዲዘራ ለማበረታታት ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው ቆፍረዋል።

ጋሼ ዶክተር ይህን ሲያወሩ «በዚያን ጊዜ አንድ የከብት ሐኪም እንኳ አልነበረንም» ይሉ ነበር። ከዚያ የዶክተር ዓለመወርቅ በየነን ስም ያነሣሉ።

ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ በዘመናዊ መንገድ የእንስሳት ሕክምና ከተማሩት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። የተማሩት በእንግሊዝ አገር ነው። አገራቸውን በሙያቸው ብዙ ሳያገለግሉ ፋሺስት ኢጣልያ ወረረን። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ወጡ። አዲስ አበባም ተያዘች። ያን ጊዜ የተማሩ ወጣቶችና ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ መኮንኖች ነቀምት ላይ ተሰባሰቡ። ጥቁር አንበሳ የሚባል ማኅበርም አቋቋሙ። ለሊቀመንበርነት የመረጡት ዶክተር ዓለመወርቅን ነበር። ብዙ ወታደር ባለበት ማኅበር የከብት ሐኪም መሪ ሆነ ማለት ነው።

በሰኔ 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ አረፉ። የጥቁር አንበሳ ሰዎች ሌሊት ወርደው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ። ከሞቱት ጣልያኖች መካከል የአየር ኃይል ጄኔራል ማልዮኮ ይገኝበታል።

ጋሼ ዶክተር ግን ከጦርነቱ ይልቅ የሚያደንቁት የማኅበሩን ደንብ ነበር። ጥቁር አንበሳ በጽሑፍ የሰፈረ ደንብ ነበረው። ከደንቡ አንዱ ወታደር ባላገሩን እንዳይበድል የሚከለክል ነው። ሌላው ምርኮኛ እንዳይንገላታ የሚያዝ ነው። እንደምታውቁት በዱሮ ጊዜ ሠራዊት በመንደር ሲያልፍ የገበሬውን በሬ ያርድ ነበር። ጋሼ ዶክተር «ይህ ደንብ ከብት ሐኪም በሚመራው ማኅበር መውጣቱ አይገርመኝም። የታረደ የእርሻ በሬ ያልታረሰ መሬት መሆኑን ሐኪሙ ያውቃል» ይሉን ነበር። ይህ የእርሳቸው አስተያየት ነው፤ እኔም አምኜበታለሁ።

፭. የደስታ በሽታ እንዴት ጠፋ?

ደስታ ከክፉ ቀን በኋላም አልጠፋም። ወጣ ገባ እያለ ከመቶ ዓመት በላይ ከብታችንን ፈጀ። መፍትሔው የመጣው ከአንድ ሌላ የከብት ሐኪም ነው። ስሙ ዋልተር ፕላውራይት ይባላል። እንግሊዛዊ ነው። ኬንያ ውስጥ ሙጉጋ በሚባል ቦታ ሲሠራ የበሽታውን ቫይረስ በጥጃ ኩላሊት ሴሎች ላይ ደጋግሞ አሳደገው። ቫይረሱ ከብዙ ድግግሞሽ በኋላ ደከመ። ከብት አያሳምምም፤ ግን ከብቱ በሽታውን እንዲከላከል ያስተምረዋል። አንድ ጊዜ የተከተበ ከብት ዕድሜ ልኩን ይጠበቃል።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የአፍሪካ አገሮች ተባብረው ብዙ ሚሊዮን ከብት ከተቡ። በሽታው ሊጠፋ ተቃረበ። ከዚያ መንግሥታት ተዘናጉ፤ ክትባቱ ላላ። በ1970ዎቹ በሽታው እንደገና አገረሸ። ሥራ በግማሽ ሲቀር እንዲህ ነው። እሳት አጥፍተህ ፍም ብትተው ነፋስ ያነሣዋል።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ዘመቻ ተጀመረ። ጋሼ ዶክተርም በዚህ ዘመቻ ወደ አፋር ከተላኩት መካከል ነበሩ። አፋር በረሃ ነው። መንገድ የለም፤ በረዶ የለም። ክትባቱ ደግሞ ሙቀት ያበላሸዋል። አርብቶ አደሩ ውኃና ግጦሽ ተከትሎ ይሄዳል። ሐኪሙ ሲደርስ ሰፈሩ ባዶ ነው። ሐኪሙ መኪና ውስጥ ሆኖ ከብት ሊከትብ አይችልም።

በኋላ ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛው ሙቀት ችሎ ያለ በረዶ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት ነው። ሁለተኛው ሰው ነው። አፋሮች ራሳቸው ከመካከላቸው የሚያምኗቸውን ሰዎች መረጡ። የተመረጡት ሠለጠኑ። ክትባቱን ይዘው በእግራቸው ከብቱን ተከተሉ። ጋሼ ዶክተር «ፊደል የማያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ግን የበሽታውን ምልክት ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። እኔ መርፌ አስተማርኳቸው፤ እነርሱ ከብት አስተማሩኝ» ይሉ ነበር።

በኢትዮጵያ የመጨረሻው የደስታ በሽታ የታየው እዚያው አፋር ውስጥ በ1988 ዓ.ም. ነው። በዓለም ደግሞ የመጨረሻው የታየው ኬንያ ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነበር። ኢትዮጵያ ከበሽታው ነጻ መሆኗ በ2000 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የእንስሳት ጤና ድርጅት ታወቀ። በሰኔ 2003 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከምድር ፈጽሞ መጥፋቱን የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አወጀ። የሰው ልጅ ፈጽሞ ያጠፋው በሽታ እስከዚያ ድረስ ፈንጣጣ ብቻ ነበር። ደስታ ሁለተኛው ሆነ።

ዜናው በሬዲዮ ሲነገር ጋሼ ዶክተር ቤት ነበርኩ። የቀዩ በሬ ጉድጓድ አፈሩ ገና አልረጋም። ጋሼ ዶክተር ተነሥተው አማተቡ። ባለቤታቸውን ጠሩ። «ፍሪጃችን ሥራዋን ጨረሰች» አሏቸው። ሁለቱም ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶ ነበር። ከዚያ ስለ ፕላውራይት ነገሩን። ክትባቱን የሠራው ይህ ሰው በየካቲት 2002 ዓ.ም. ሞቷል። አዋጁን ሳይሰማ ከዓመት ከጥቂት ወር በፊት ማለት ነው። «እንደ ሙሴ ነው። ሕዝቡን መርቶ አገሪቱን በሩቅ አይቶ ሞተ» አሉ።

፮. ከእርሳቸው ምን እንማራለን?

ጋሼ ዶክተር ያረፉት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ለቀብራቸው ብዙ ገበሬ መጣ። አጎቴና ያ በመቀናጆ የታረቀው ጎረቤት ቃሬዛውን አብረው ተሸከሙ። የልጅነት ጠባቸውን የሚያስታውስ አልነበረም።

ዛሬም ሥራው አላለቀም። አባ ሰንጋ አለ። አባ ጎርባ አለ። የሳንባ በሽታ አለ። በቆላ ገንዲ አለ። ገንዲን የሚያስተላልፈውን ፀፀ የሚባል ዝንብ ለመዋጋት በ1999 ዓ.ም. እዚሁ ቃሊቲ አንድ ማዕከል ተመርቋል። አሠራሩ ይገርማል። ዝንቡን ያረባሉ። ወንዱን በጨረር ያመክኑታል፤ ከዚያ በሽታው ባለበት አገር ይለቁታል። ሴቲቱ ከመካን ወንድ ጋር ስትገናኝ አትወልድም። እንዲህ እየተደረገ ዝንቡ ይቀንሳል።

እንግዲህ ገበሬዎች ሆይ፣ እነዚህን ነገሮች አትርሱ።

ከብት ሲታመም አትደብቁ። የተደበቀ በሽታ ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ ከጎረቤትም ወደ እናንተ ይመለሳል።

በድንገት የሞተን ከብት አትክፈቱ። ቆዳውንም አትግፈፉ። ለውሻም አትስጡ። ለከብት ሐኪም ንገሩ፤ በጥልቅ ቅበሩ።

ከብታችሁን በየዓመቱ አስከትቡ። ክትባት ለጤነኛ ከብት ነው። ከታመመ በኋላ የሚሰጥ ክትባት ከዘነበ በኋላ እንደሚከደን ጣራ ነው።

ከፋብሪካ የሚወጣ ፍሳሽ የሚገባበትን ወንዝ ከብት አታጠጡ። በአቃቂ ወንዝ ዳር የምትኖሩ ይህን በይበልጥ አስቡበት።

የክትባቱን ቀን ጻፉ። አሁን መጻፍ ታውቃላችሁ። ደብተር ግዙ። የከብቱን መልክ፣ የክትባቱን ስምና ቀኑን መዝግቡ። ጋሼ ዶክተር ሁልጊዜ የሚያዝኑበት ነገር ይህ ነበር፤ «መቼ ተከተበ?» ብለው ሲጠይቁ «ይመስለኛል አምና» የሚል መልስ ያገኙ ነበር። እናንተ ከእንግዲህ «ይመስለኛል» አትበሉ። ደብተራችሁን አውጡና አንብቡላቸው።

የቃላት ፍቺ

አክፍሎት፦ ከስቅለት ጀምሮ እስከ ትንሣኤ እህል ውኃ ሳይቀምሱ መጾም።
መቀናጆ፦ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምደው በየተራ ማረሳቸው።
ቅርጫ፦ ከብት በጋራ ገዝቶ አርዶ ሥጋውን መካፈል።
ተሕዋስ፦ በዓይን የማይታይ፣ በሽታ ሊያመጣ የሚችል ረቂቅ ፍጥረት።
ክትባት፦ በሽታ ሳይመጣ አስቀድሞ ሰውነትን የሚያዘጋጅ መድኃኒት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ጋሼ ዶክተር ቀዩ በሬ አባ ሰንጋ እንደያዘው በምን አወቁ?
2. አጎትየው ሥጋውን ለመሸጥ የተስማማው ለምን ነበር? እናንተ በእርሱ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?
3. የደስታ በሽታ በ1970ዎቹ እንደገና ያገረሸው ለምንድን ነው?
4. ጋሼ ዶክተር ለሞተችው ላም ጥፋታቸውን ማመናቸው ጠቀማቸው ወይስ ጎዳቸው?
5. በሰፈራችሁ መቀናጆ ሊረዳው የሚችል ገበሬ አለ? ተነጋገሩበት።
6. የከብቶቻችሁን መልክና የተከተቡበትን ቀን በደብተራችሁ ጻፉ። በሚቀጥለው ትምህርት አንብቡ።